ለቀብር ተዘጋጅተናል፤ ለሕመምስ?

በሰፈራችን ሁላችንም «ጋሼ» ብቻ ብለን የምንጠራቸው አንድ ልብስ ሰፊ አሉ። በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ሲንጀራቸውን ዘርግተው ሱሪ ሲያሳጥሩ፣ ዚፕ ሲቀይሩ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ ልጆቻችን አደጉ። አሁን የልጅ ልጆቻችን ዩኒፎርምም በእሳቸው እጅ ነው የሚያልፈው። ዘንድሮ ከፋሲካ በፊት፣ አንድ ማለዳ፣ ባለቤታቸው እትዬ በሬን ደበደቡ። ነጠላቸውን እንኳን በቅጡ አልለበሱም። «ሲስተር፣ ድረሺልኝ፤ አንደበታቸው ተሳሰረ» አሉኝ።

ስደርስ ጋሼ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ወደ አንድ ወገን አዘንብለው ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸው ዝሏል፤ አፋቸው ተጣሟል። የደም ግፊታቸውን ስለካ 210 በ120 ሆነ። አንዷ ጎረቤት ፀበል፣ ሌላዋ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ይዘው መጥተው ነበር። «ፀበሉን ግንባራቸውን አብሱበት እንጂ አታጠጧቸው» አልኳቸው። እንዲህ የሆነ ሰው በትክክል ስለማይውጥ የሚጠጣው ነገር ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በሰፈሩ ልጅ ታክሲ ሆስፒታል አደረስናቸው። ስትሮክ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፈዋል።

ሐኪሙ የሚወስዱትን መድኃኒት ማየት ስለፈለገ እትዬ ከቤት አመጡት። በጋዜጣ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር ነው። ስፈታው በውስጡ ለሁለት የተከፈሉ ክኒኖች አሉ፤ በጨርቅ መቀስ እኩል ለእኩል የተቆረጡ። የልብስ ሰፊ እጅ ነውና አቆራረጡ እንከን አይወጣለትም።

ጋሼ የወሩን መድኃኒት ለሁለት ወር ሲያደርሱት ኖረዋል።

ያልጠየቅኩት ጥያቄ

መድኃኒቱ ኒፌዲፒን ነው፤ ለደም ግፊት ብዙ ሰው የሚወስደው። የእሳቸው ዓይነት ክኒን ደግሞ በሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ እንዲለቀቅ ሆኖ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለው ክኒን አይቆረጥም፣ አይፈጭም፣ አይታኘክም። ሲቆረጥ አሠራሩ ይበላሻል፤ መድኃኒቱ በአንዴ ይለቀቅና ግፊቱን ድንገት ያወርደዋል፤ ከዚያ በቀሪው ቀን ሰውዬው ያለ መድኃኒት ይውላል። ጋሼ ገንዘብ የቆጠቡ መስሏቸው ነበር፤ የቀራቸው ግን ግማሽ መድኃኒት እንኳን አልነበረም።

እኔም ከጥፋት ነፃ አይደለሁም። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ቤቴ መጥተው ለክቻቸው ነበር። 170 በ100 ነበር። «መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?» አልኳቸው። «አዎ ልጄ» አሉኝ። «እንግዲያው ጨው እያበዙ ነው» ብዬ ተቆጥቼ ሸኘኋቸው። ዕድሜዬን በሙሉ በሽተኛ ሳስታምም ኖሬ ሁለተኛውን ጥያቄ ሳልጠይቅ ቀረሁ፦ «ስንት ይወስዳሉ? መግዣውስ አለዎት?» የሚል ጥያቄ።

ዛሬ ይህን የምጽፈው የጎረቤቴን ገመና ለማውጣት አይደለም፤ እሳቸውም ፈቅደውልኛል። «ለሌላው ትምህርት ከሆነ ጻፊው፤ ስሜን ብቻ ተዪው» ብለውኛል። የምጽፈው በየቤታችን በጋዜጣ ቁራጭ የተጠቀለለ ግማሽ ክኒን እንዳለ ስለማውቅ ነው። የደበቁት እናቶቻችንና አባቶቻችን ናቸው፤ የደበቁትም ከእኛ ነው።

አልጋው ላይ የተኛ አንድ ሰው፣ የወደቀው ግን ቤተሰብ

ሆስፒታል የገባ ሰው ያላችሁ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ካርድ፣ ቀጥሎ ማስያዣ፣ ከዚያ ሲቲ ስካን፣ ላቦራቶሪ፣ ከዚያ «ይህ መድኃኒት እኛ ጋ የለም፤ ከውጭ ገዝታችሁ አምጡ» የሚል ወረቀት። እትዬ በመጀመሪያው ሳምንት የጆሮ ወርቃቸውን ሸጡ። በሁለተኛው ሳምንት የሲንጀሩ ተራ ደረሰ፤ ገዢ መጥቶ አይቶት ሄዶ ነበር። ያተረፈችው ልጃቸው ናት።

ይህች ልጅ አረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ኮንትራቷን ጨርሳ ለመመለስ ሦስት ወር ነበር የቀራት። ልጇን ለአያቶቹ ትታ ነው የሄደችው፤ ልጁ አሁን ሁለተኛ ክፍል ነው። የእናቱን መምጫ ቀን መቁጠሪያ ላይ በእርሳስ እየሰረዘ ይቆጥር ነበር። እሷም የአባቷን መታመም ስትሰማ ገንዘቡን ላከች፤ ኮንትራቷንም ለሁለት ዓመት አራዘመች። ልጁ ቀን መቁጠሪያውን መሰረዝ አቁሟል።

ጋሼ ክኒኑን የቆረጡት ለምን እንደሆነ በኋላ ሲያጫውቱኝ «መድኃኒቱ ተወደደ ብዬ ብነግራት አንድ ዓመት ልጨምር ትላለች ብዬ ፈራሁ» አሉኝ። እሷን ለማትረፍ የደበቁት ነገር ሁለት ዓመት አስጨመራት።

ዕድራችን ለሞት ብቻ ነው

በሦስተኛው ሳምንት፣ ጋሼ ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ፣ የዕድሩ ዳኛና ገንዘብ ያዡ ብርቱካንና ሙዝ ይዘው ሊጠይቋቸው መጡ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ጋሼ ለዚህ ዕድር ከወጣትነታቸው ጀምሮ አንድ ወር ሳያጎድሉ ከፍለዋል። ዳኛው አንገታቸውን ደፍተው «ወንድሜ፣ ደንባችን ለሕመም አይፈቅድልንም» አሏቸው። ጋሼ ምላሳቸው እየተጎተተ ሳቁና «ግድ የለም፤ ሞቼ ቢሆን ኖሮ ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ገንዘቡም በሰዓቱ ይመጣ ነበር» አሉ። ሁላችንም ሳቅን፤ ከሳቁ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ የተናገረ የለም።

እውነታቸውን ነው። እኛ ለቀብር የተዘጋጀን ሕዝብ ነን። ድንኳን አለን፣ ድስት አለን፣ አግዳሚ ወንበር አለን፣ ጥሩምባ ነፊ አለን። ሰው ሲሞት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሰፈሩ ይቆማል። ሰው ሲታመም ግን ቤተሰቡ ብቻውን ነው። ሕመሙ ሲብስ የሐኪም ቦርድ ማስረጃ በባነር አሠርተን፣ መኪና ላይ ለጥፈን፣ በድምፅ ማጉያ «ወገን ድረስልን» እያልን በየመንገዱ እንለምናለን። ለጋሹም ሕዝብ ሳንቲሙን አይሰስትም። ነገር ግን በዚህ መንገድ የሚታከመው ድምፅ ማጉያ መከራየት የቻለው፣ ያውም ሕመሙ ከደረጃው ካለፈ በኋላ ነው።

ሕክምና ለምን እንዲህ ተወደደ?

ይህን ጥያቄ ስለካቸው የሚመጡ ሁሉ ይጠይቁኛል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ እኔ ግን ሦስቱን እነግራቸዋለሁ።

የመጀመሪያው፣ አብዛኛው መድኃኒትና የሕክምና መገልገያ ከውጭ የሚገባ መሆኑ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የሚገዛ ክኒንም፣ የላቦራቶሪ ኬሚካልም፣ የራጅ ፊልምም አብሮ ወጣ።

ሁለተኛው፣ በሽታችን መለወጡ ነው። እኔ ሥራ በጀመርኩበት በ1970ዎቹ ዋርዱን የሚሞላው ወባ፣ ተስቦ፣ የሳንባ ምች፣ የሕፃናት ተቅማጥ ነበር። ታካሚው ወይ ድኖ ይወጣል፣ ወይ እናዝናለን፤ ወጪው የአንድ ሰሞን ነው። ዛሬ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ፣ የኩላሊትና የካንሰር ሕመም በዝቷል። እነዚህ የዕድሜ ልክ ደንበኞች ናቸው፤ በየወሩ ይከፈልላቸዋል። ኩላሊቱ ሥራ ያቆመበት ሰው እጥበት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው መልካም ዜና ነው፤ ዕድሜያችን ረዝሟል። በ1970ዎቹ የኢትዮጵያዊ አማካይ ዕድሜ 50 እንኳን አይደርስም ነበር፤ አሁን ከ65 አልፏል። ረዥም ዕድሜ ግን ብዙ መድኃኒት ይፈልጋል።

ይህ ሁሉ ወጪ ሲደመር፣ በአገራችን ለጤና ከሚወጣው ገንዘብ ሲሶ ያህሉ የሚከፈለው ከቤተሰብ ኪስ ነው። ያውም የሚከፈለው ሰው በታመመ ዕለት፣ ሥራ በቆመበት፣ ቤቱ በተረበሸበት ሰዓት ነው። ከዚህ የባሰ የመክፈያ ጊዜ የለም።

መድኅን ዕቁብ አይደለም፤ ዕድር ነው

ለዚህ ችግር የተዘጋጀ አንድ መንገድ አለ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ይባላል። በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ከዚያ ወደ ሌሎች ወረዳዎችና ከተሞች፣ አዲስ አበባንም ጨምሮ፣ ተስፋፍቷል። የታሰበው መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ሰው ነው፤ ለአርሶ አደሩ፣ ለአርብቶ አደሩ፣ ለጉልት ቸርቻሪዋ፣ ለልብስ ሰፊው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ መጠኑ እንደየአካባቢው ይለያያል። አባል የሚሆነው አንድ ሰው ሳይሆን ቤተሰቡ ነው፤ አባት፣ እናትና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች። ከዚያ በላይ ዕድሜ ያለው የቤቱ ሰው ተጨማሪ ይከፈልለታል። ከዚያ በኋላ በውል ከታቀፉ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ምርመራ፣ መድኃኒት፣ አልጋና ቀዶ ሕክምና ያገኛል፤ በየጊዜው ከኪሱ አይከፍልም። መክፈል ለማይችሉ ድሆች ደግሞ መንግሥት መዋጮውን ይሸፍናል፤ የሚመረጡትም በቀበሌያቸው ነው።

ጋሼ ይህን አያውቁም ነበር? ያውቁ ነበር። ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል አባል ሆነው ነበር። በዚያ ዓመት በቤታቸው የታመመ ሰው አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት የእድሳት ጊዜ ሲደርስ «ባልታከምኩበት ገንዘቤ ቀለጠ» ብለው ተዉት። ይህን ቃል ከስንት ሰው አፍ ሰምቻለሁ!

ስሕተቱ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሰዉ መድኅኑን የሚያየው እንደ ዕቁብ ነው። ዕቁብ ያስቀመጥከውን መልሰህ ትወስዳለህ፤ ዕጣው ዛሬ ባይወጣ ነገ ይወጣል። መድኅን ግን ዕድር ነው። «ለዕድሩ አሥር ዓመት ከፍዬ ከቤቴ ሰው አልሞተም፤ ገንዘቤ ቀለጠ» ብሎ የሚያማርር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንዲያውም እግዚአብሔርን ያመሰግናል። ባልሞተብን ጊዜ የከፈልነው የሞተበትን ይቀብራል፤ በእኛም ሲደርስ ሌላው ይቀብርልናል። የጤና መድኅኑም እንዲሁ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ እንዲመዘገብ የሚጠየቀውም ለዚህ ነው። ሁሉም ሰው ሲታመም ብቻ ቢመዘገብ ካዝናው በአንድ ወር ባዶ ይሆናል።

ቅሬታውም እውነት ነው

መድኅኑን ሳመሰግን እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ጎረቤቶቼ ይሰሙኛልና መዋሸት አልችልም። አባል የሆነ ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ግማሽ ቀን ይሰለፋል። የታዘዘለትን መድኃኒት ሲጠይቅ «የለም» ይባላል። በገንዘቡ የሚታከመውን ፈገግ ብሎ የተቀበለ ሠራተኛ፣ የመድኅን ደብተር የያዘውን ፊቱን የሚያጠቁርበት ቦታም አለ። ለዚህ የሥራ ባልደረቦቼን እወቅሳለሁ። ደብተር የያዘው ሰው ቀድሞ የከፈለ ሰው ነው፤ ለማኝ አይደለም።

ስለዚህ አባል ከሆናችሁ መብታችሁን እወቁ። መጀመሪያ የምትሄዱት ወደ ተመደበላችሁ ጤና ጣቢያ ነው፤ ከዚያ ሪፈር ጽፈው ወደ ሆስፒታል ይልኳችኋል። ሪፈር ሳትይዙ በቀጥታ ሆስፒታል ብትሄዱ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ። መድኃኒት የለም ስትባሉ ዝም ብላችሁ አትውጡ፤ ወረቀቱ ላይ «የለም» ብለው ማኅተም እንዲያደርጉበት ጠይቁ፤ ቀጥሎም በመድኅኑ ውል የገባ ፋርማሲ መኖሩን ጠይቁ። አንዳንድ ቦታ ከከነማ ወይም ከቀይ መስቀል ፋርማሲዎች ጋር እንዲህ ያለ ውል አለ። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና ለውበት የሚደረግ ሕክምና አይሸፈንም። አዲስ ተመዝጋቢ ደግሞ በተመዘገበ ማግስት አገልግሎት ላያገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ምዝገባው ሕመም ሳይመጣ ነው መሆን ያለበት።

በመሐል የቀሩት

ደመወዝተኛውና ጡረተኛውስ? ለእነሱ የታሰበው ማኅበራዊ የጤና መድኅን ነው። አዋጁ ከወጣ ቆይቷል፤ አዋጅ ቁጥር 690/2002 ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ እያዋጡ፣ ጡረተኛውም ከአበሉ እያዋጣ ሊታከም ነበር ሐሳቡ። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ግን በተደጋጋሚ ተራዘመ። በአንድ በኩል ሠራተኛው «ደመወዜ አይበቃኝም፤ ደግሞ ጤና ጣቢያው መድኃኒት የለውም» ብሎ ቅር ተሰኘ። በሌላ በኩል ተቋማቱ ያንን ሁሉ ሰው ለማስተናገድ አልተዘጋጁም።

ስለዚህ አንድ ነገር ተገላብጦ ቀረ። መዋጮውን የከፈለ አርሶ አደር መድኅን አለው፤ ልጆቹን ያስተማረለት ጡረተኛ መምህር ግን በወር አበሉ ክኒኑን ይገዛል። የግል ኢንሹራንሶች የሕክምና ዋስትና ቢኖራቸውም በአብዛኛው የሚሸጡት ለድርጅቶች፣ ለሠራተኞቻቸው በጅምላ ነው፤ ሰውዬው ጡረታ ሲወጣ ዋስትናውም አብሮት ይወጣል። በጣም በሚያስፈልገው ዕድሜ ማለት ነው። እኔም ራሴ በዚህ ወረፋ ውስጥ ነኝ። ስንት ዓመት ያራዘምነውን ነገር አሁን እንድንጀምረው የሚመለከታቸውን ሁሉ እጠይቃለሁ። ሠራተኛው 3 በመቶውን የሚሰጠው የሚያገኘውን ሲያይ ነውና፣ መደርደሪያው ላይ መድኃኒቱ ይቅደም።

እስከዚያው በየቤታችን

መንግሥት እስኪያስተካክለው ድረስ እኛ የምናደርገው አለ። ከጋሼ ቤት የተማርኩትንም፣ በሥራ ዘመኔ ያየሁትንም ላካፍላችሁ።

ለልጆች፦ እናትና አባታችሁን «መድኃኒት እየወሰዳችሁ ነው?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «አዎ» ነው የሚሏችሁ። ማሸጊያውን አምጡና ቁጠሩት። የተገዛበትን ቀን ጠይቁ። ሠላሳ ክኒን ከተገዛ አርባ ቀን ሆኖት ገና አሥር ከቀረ፣ ወይ ተረስቷል ወይ ተቆጥቧል። ስታገኙት አትቆጡ፤ እኔ ተቆጥቼ ያተረፍኩትን አይታችኋል።

ለወላጆችና ለአያቶች፦ ገንዘብ ካጠራችሁ ክኒኑን አትቁረጡ፤ ቀኑን ቁረጡ። የሠላሳ ቀን መግዛት ካልቻላችሁ የአሥር ቀን ግዙና ሙሉውን መጠን ውሰዱ፤ በዚያ አሥር ቀን ውስጥም ለልጆቻችሁ ወይም ለሐኪማችሁ ንገሩ። ሐኪሙ ዋጋው ቀለል ያለ ሌላ መድኃኒት ሊያዝላችሁ ይችላል። ለደም ግፊት ከአንድ በላይ አማራጭ አለ። ሐኪሙ ግን የማያውቀውን ችግር አይፈታም፤ «ይህን መግዛት አልችልም» ማለት ነውር አይደለም። የጎረቤትን መድኃኒት መዋስ፣ «ደህና ሆንኩ» ብሎ ማቋረጥ ግን ያስከፍላል። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ አያምም፤ ድምፅ የለሽ ገዳይ የሚባለውም ለዚህ ነው።

መድኃኒት ስትገዙ የፋብሪካውን የንግድ ስም ሳይሆን የመድኃኒቱን የራሱን ስም ጠይቁ። ለምሳሌ አምሎዲፒን በብዙ የንግድ ስሞች ይሸጣል፤ የዋጋው ልዩነት ግን ሰፊ ሊሆን ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት የከነማንና የቀይ መስቀልን ፋርማሲ ዋጋ ጠይቁ።

በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ የሚሰጠውን እወቁ። የነፍሰ ጡር ክትትል፣ ወሊድ፣ የሕፃናት ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ ሕክምና አይከፈልባቸውም። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ያለባት አያት «ገንዘብ የለኝም» ብላ ቤት መቀመጥ የለባትም።

ወንድምና እኅት የሆናችሁ ደግሞ የወላጆቻችሁን የሕመም ሣጥን ዛሬውኑ ጀምሩ። አራት ልጆች በየወሩ የአቅማቸውን ቢያስቀምጡ፣ አባት በታመመ ሌሊት ማን ይክፈል ተብሎ ስልክ አይደዋወሉም። ውጭ አገር ያላችሁም፣ ለበዓል በግ ከመላካችሁ በፊት የወላጆቻችሁ የመድኅን መዋጮ መከፈሉን ጠይቁ። በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ከበግ ዋጋም ያነሰ ነው።

የእሑዱ ስብሰባ

ባለፈው ወር የዕድራችን ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ብዙው አባላችን የዓመቱን መዋጮ በአንዴ ማውጣት ይከብደዋል፤ ስለዚህ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ከወርኃዊው የዕድር ክፍያ ጋር ጥቂት ጥቂት እየጨመረ ያስቀምጥና የምዝገባው ጊዜ ሲደርስ ዕድሩ በአንድነት ይክፈልለት አልኩ። ለታመመ አባልም በየወሩ የሚመለስ ብድር ይኑር አልኩ።

አንድ አባት ተነሡና «ዕድር የተቋቋመው ለቀብር ነው። አባቶቻችን ያቆሙትን ደንብ አናፍርስ» አሉ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ሐሳቤ የወደቀ መሰለኝ። ያኔ ከኋላ፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ ጋሼ ተነሡ። ቃላቸው ገና አልተፍታታም፤ ሁሉም ሰው ዝም ብሎ ጠበቃቸው።

«እኔ ለቀብሬ አርባ ዓመት ከፍያለሁ» አሉ። «ቀብሬ ይቆየኝ። መጀመሪያ ልጄ ትምጣልኝ።»

ሐሳቡ በሙሉ አላለፈም። ብድሩ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ተቀጠረ። የመድኅን ቁጠባው ግን በፈቃደኞች እንዲጀመር ተወሰነ፤ በዚያው ዕለት 34 ቤተሰቦች ተመዘገቡ። ስም ጻፊዋ እኔ ነበርኩ፤ የመጀመሪያውን መስመር የያዙት ጋሼና እትዬ ናቸው።

አሁን ጠዋት ጠዋት የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት የአያቱን ክኒን ያቀብላቸዋል። ሙሉውን ነው። ሲውጡ ቆሞ ያያቸዋል፤ ከዚያ እርሳሱን አንሥቶ ቀን መቁጠሪያው ላይ የዕለቱን ቀን ይሰርዛል።